ኔቪ 44

ሹራብ ግዛ ተብዬ ተልኬ ሽጉጥ ይዤ ቤቴ የገባሁ ሰው ነኝ። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ከራሴው ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው የምነግራችሁ። ወሬው ከቤት ቤት ሲዞር ሽጉጡ መድፍ ይሆናል፣ እኔም ከሞኝነት ወደ እብደት እዛወራለሁ። እብድ አይደለሁም። ሞኝነቱን ግን አልክድም፤ ብክድም ባለቤቴ አለች፣ ትመሰክራለች።

ነገሩ የጀመረው በልደት ነው። አማቴ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ሆነ። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፤ እኔም ልጆቹም ጎረቤቱም «አባባ» ነው የምንላቸው። ልደት የሚባል ነገር አይዋጥላቸውም። «እናቴ ክረምት ሲገባ ነው ከማለት በቀር የማታውቀውን ቀን እናንተ ከየት አገኛችሁት?» ይላሉ። ከፓስፖርታቸው ነው ያገኘነው። ፓስፖርቱ ኅዳር ይላል። ለፓስፖርቱ ማን ኅዳር ብሎ እንደነገረው እሳቸውም አያስታውሱም፤ ብቻ ወረፋው ረጅም ነበር፣ ጸሐፊው ቸኩሎ ነበር፣ አንድ ቀን መጻፍ ነበረበት፤ ተጻፈ።

ባለቤቴ ለቅዳሜ ማታ ሰው ጠራች። ዶሮው ተገነጣጥሏል፣ ድፎው ታዟል፤ የቀረው ስጦታ ብቻ ነበር፣ እሱ ለእኔ ደረሰኝ። ለምን ለእኔ ብትሉ፣ ሽንኩርት ሲያስከትፉኝ ጣቴን፣ ወንበር ሲያስደረድሩኝ ግድግዳውን የምጎዳ ሰው ነኝ፤ ሹራብ መግዛት ግን ማንም ሊያበላሸው የማይችል ሥራ ነው ተብሎ ታሰበ። እንዲህ ያለ እምነት ተጥሎብኝ አያውቅም።

«ሹራብ ነው፤ በቁልፍ የሚዘጋ፣ ኪስ ያለው» አለችኝ በር ላይ። ከዚያ ፊቴን አይታ ተጠራጠረችና ዋና ዋናውን በትንሽ ወረቀት ጽፋ ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ «ኔቪ፣ 44»። ኔቪ ቀለሙ ነው፤ እዚህ አገር ጠቆር ያለውን ሰማያዊ በባሕር ኃይል ስም ነው የሚጠሩት። 44 ደግሞ የአባባ ደረት ነው፣ ዙሪያው በኢንች። ይቺን ወረቀት አደራ ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

ወደ ገበያ አዳራሹ ስነዳ መንገዱ ዳር «የድሮ ዕቃዎች ትርኢት፣ ቅዳሜና እሑድ» የሚል ሰሌዳ አየሁ። እዚህ ላይ ስለ ድክመቴ ልንገራችሁ። እኔ የድሮ ዕቃ ካየሁ እግሬ የራሱን መንገድ ነው የሚሄደው። ጋራዣችን ውስጥ የጽሕፈት መኪና አለኝ፣ «ሀ»ም «ኤ»ም የማይመታ። አንድ ትልቅ ሬዲዮም አለኝ፤ ባለቤቴ እንደምትለው እስከ ዛሬ ጣቢያ ይዞ አያውቅም፣ የያዘው አይጥ ብቻ ነው። ስለዚህ «አምስት ደቂቃ ብቻ» አልኩ ለራሴ። ለራሴ ስዋሽ ሁልጊዜ አምስት ደቂቃ ነው የምለው።

አዳራሹ ውስጥ ሰሃን አለ፣ የሰዓት ሆድ ዕቃ አለ፣ ጸጉሯ ያለቀ አሻንጉሊት አለች። ጥግ ላይ ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ ሽማግሌ ፈረንጅ ረጅም ጠረጴዛ ይዞ ተቀምጧል፤ ጠረጴዛው ላይ ሽጉጥ በሽጉጥ ነው። የዛሬዎቹ ዓይነት አይደሉም። ቀለህ ከመለመዱ በፊት የነበሩት፣ ባሩድ እየተሞላ፣ የእርሳስ አረር እየተጠቀጠቀ፣ ከኋላ የመዳብ ቆብ የሚደፋላቸው ናቸው፤ መዶሻው ቆቧን ሲመታ እሳት ትተፋለች፣ እሳቷ ባሩዱን ታቀጣጥላለች። ሳሙኤል ኮልት የሚባል የኮነቲከት ሰው እ.ኤ.አ. በ1836 በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት ያወጣበት ባለ ሽክርክሪት ሽጉጥ ዘር ናቸው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በማግስቱ ነው። ቅዳሜ የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ግን አላዋቂ መሆኔ አፌን ዘግቶልኝ አያውቅም።

እያንዳንዱ ሽጉጥ ላይ ክር የታሰረባት ካርድ አለች። አንዷ «ቤቢ ድራጉን» ትላለች። ድራጎንና ድራጉን ያው መስሎኝ የዘንዶ ግልገል ብዬ ተረጎምኩና ዘንዶዋን ፈልጌ እጀታውን አገላበጥኩ። ሌላዋ «1860 አርሚ» ትላለች። 1860! ደሜ ሞቀ። መቅደላ ነዋ! አጼ ቴዎድሮስ ንግሥት ቪክቶሪያ በሰጠቻቸው ሽጉጥ ራሳቸውን የሠዉት ሚያዝያ 1860 አይደለም እንዴ? ይህንኑ ለባለ ጢሙ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ አስረዳሁት፤ ንጉሡንም፣ መድፉንም፣ አምባውንም። ሰውየው በትዕግሥት ሰማኝ፣ ጢሙንም ሁለት ጊዜ ደባበሰ። የእኛ 1860 የእነሱ 1868 መሆኑ ትዝ ያለኝ መኪናዬ ውስጥ ነው። በስምንት ዓመት ያልተወለደ ታሪክ ሳወራለት ነው የቆየሁት። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ተዋርጃለሁ፣ ይበቃኛል።

የጠረጴዛው መጨረሻ ላይ ስደርስ አየኋት። አካሏ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸናጽል የሚያብለጨልጭ ናስ፣ እጀታዋ እንጨት፣ አፈሙዟ ስምንት ማዕዘን። ካርዷ እንዲህ ይላል፦ «1851 ኔቪ፣ 44»።

ወረቀቴን ከኪሴ አወጣሁ። «ኔቪ፣ 44»። ካርዷን አየሁ፣ ወረቀቴን አየሁ።

አሁን ፍረዱኝ። አባባ በወጣትነታቸው ምን ነበሩ? የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል መድፈኛ! ምፅዋ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ ላይ። ፎቶግራፋቸው ሳሎናችን ውስጥ አለ፤ በዚያ ፎቶ ላይ የሌለው ነገር ቢኖር ሽጉጥ ብቻ ነው። ሹራብ ማንም ይገዛል። ለባሕር ኃይል ሰው የባሕር ኃይል ሽጉጥ፣ ያውም በደረታቸው ቁጥር! ደረትና አፈሙዝ የተለያየ ነገር መሆኑ ለአፍታም ትዝ አላለኝም። ሰው ምልክት ሲፈልግ ምልክት አይጠፋም።

«ይሄ የባሕር ኃይል ነው?» አልኩት ሰውየውን።

«ኔቪ ነው» አለና ጥይት የሚጎርሰውን ሽክርክሪት አዞረልኝ። ዙሪያውን መርከቦች ተቀርጸውበታል! ሸራ የዘረጉ፣ ጭስ የሚተፉ፣ እርስ በርስ የሚታኮሱ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? የማን መርከቦች ናቸው ብሎ መጠየቅ የሌላ ሰው ሥራ ነው። ሰውየው ቀጥሎ «ሪፕሮዳክሽን» የሚል ቃል ተናገረ። እኔ የሰማሁት «ሬር ፕሮዳክሽን» ነው። እንደ ልብ የማይገኝ ሥራ ነው ያለኝ መሰለኝና ደረቴን ነፋሁ።

ሌሎቹ ሽጉጦች ዋጋቸው በሺህ የሚቆጠር ሆኖ ሳለ ይቺ ግን 220 ዶላር ናት። እንደ ልብ የማይገኘው ነገር ለምን ረከሰ ብሎ የሚጠይቅ አእምሮ ቢኖረኝ ኖሮ አሁን የማወራላችሁ ነገር አይኖረኝም ነበር። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ይባላል፤ እኔ ብቻዬን ዓይኔን አፍጥጬ ቆምኩ። መርካቶ እንደለመድኩት ፊቴን አዙሬ ሦስት እርምጃ ሄድኩ። አልጠራኝም። ራሴው ተመለስኩ። በ190 ተስማማን፤ ሽማግሌውን የዘረፍኩት መስሎኝ አዘንኩለት። እንዲህ ያለው በባሩድ የሚሞላ የድሮ ሥርዓት በፌዴራሉ ሕግ እንደ ሌላው መሣሪያ አይቆጠርም አለኝና ደረሰኝ ብቻ ቆርጦ በእንጨት ሳጥን አደረገልኝ። ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አለ። አላነበብኩትም።

ሳጥኗን ከኋላ ወንበር አስቀምጬ ቀበቶ አሰርኩላት። መኪናውን ካስነሳሁ በኋላ ግን ምን እንደያዝኩ ገባኝ፤ ሹራብ አይደለም፣ እኔም እዚህ አገር ሽጉጥ ይዞ ዘና ብሎ የሚነዳ ሰው አልመስልም። በ55 የሚነዳበትን መንገድ በ40 ነዳሁ። ሕፃን የታጠበበት ውኃ የተሸከምኩ ይመስል በየመታጠፊያው እየተለማመጥኩ ስሄድ ከኋላዬ የፖሊስ መኪና መጣ። መብራት አላበራም፣ ምንም አላለኝም፤ እኔ ግን የማውቃቸውን መላእክት በሙሉ ጠራሁ። ፖሊሱ በቀርፋፋነቴ ተሰላችቶ አልፎኝ ሲሄድ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር። ገበያ አዳራሹን በዚሁ ድንጋጤ አለፍኩት። ሹራቡም በዚያው ተረሳ።

ማታ ሰው ሞላ። የሰንበቴ ማኅበርተኞቻችን መጡ፣ የልጆቹ ጓደኞች መጡ። ዶሮ ወጡ ተበላ፣ ድፎው ተቆረሰ፤ «ስጦታ! ስጦታ!» ተባለ። ባለቤቴ ሳጥኑን ስታይ ቅንድቧ ትንሽ ከፍ አለ፤ ሹራብ በእንጨት ሳጥን አይመጣም። እኔ ግን ተነሥቼ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ንግግር አደረግሁ። አዎ፣ ንግግር። «ባሕር ኃይል ለባሕር ኃይል!» ብዬ ነው የጨረስኩት። ሁለት ሰዎች አጨበጨቡ።

አባባ ሳጥኑን ከፈቱ።

እንዲህ ያለ ዝምታ ቀብር ላይ እንኳ ሰምቼ አላውቅም። አንዲት እናት ልጇን ከወለሉ ላይ በአንድ እጇ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች። አንዱ እንግዳ ወንበሩን ወደ ኋላ አሸሸ። ባለቤቴ ወደ እኔ ተመለከተች፤ ያን አስተያየት ያገባ ሁሉ ያውቀዋል፣ ላላገባ ማስረዳት ከንቱ ነው። «ባዶ ነው! ጌጥ ነው!» እያልኩ ተንተባተብኩ።

አባባ አልደነገጡም። መነጽራቸውን አደረጉና አፈሙዟን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ሽክርክሪቷን አንድ በአንድ አይተው ባዶ መሆኗን አረጋግጠው፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል እንደሚባለው፣ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ከእኔ የተሻለ ያዟት። ከዚያ ብረቱ ላይ የተመታውን ጽሑፍ በጣታቸው እየተከተሉ ጮክ ብለው አነበቡ።

«ሜድ... ኢን... ኢታሊ።»

የአባባ አባት አርበኛ ነበሩ። አምስቱን ዓመት ጫካ የነበሩ፣ ጣልያን የሚለውን ቃል ሳይተፉ የማይጠሩ። ልጃቸው ሰማንያ ዓመት ሲሞላቸው አማች ተብዬው የጣልያን መሣሪያ በስጦታ አቀረብኩላቸው። ከጥግ የተቀመጡ አንድ ማኅበርተኛ ዝምታውን ሰበሩት፤ «ጉድ ነው! በአድዋ ያቃተው በልደት በር ገባ» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? አባባ ብቻ አልሳቁም፣ ወደ ሽክርክሪቷ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እነዚህ የማን መርከቦች ናቸው?» አሉኝ። «የአሜሪካ ባሕር ኃይል» አልኩ፣ ምንም ሳልጠራጠር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልመልሳት ስነሣ አባባ ካፖርታቸውን ለብሰው በር ላይ ጠበቁኝ። «እኔም እመጣለሁ» አሉ። አስተርጓሚ ሆኜ ልሄድ ነው ብዬ ተደሰትኩ፤ ቢያንስ በአንድ ነገር ልጠቅም ነው። ምን ዋጋ አለው፣ የአባባ እንግሊዝኛ የመርከብ እንግሊዝኛ ነው፤ አጭር፣ ግልጽ፣ እንደ ትእዛዝ። ባለ ጢሙ ሰላም ሲላቸው «መድፈኛ ነበርኩ፤ አማቼ ትናንት ይሄን ገዛ፤ ምንድን ነው?» አሉት በሦስት ዓረፍተ ነገር። እኔ የመቅደላን ታሪክ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ፈጅቶብኝ ነበር። ሰውየው ወንበር አመጣላቸው። ለእኔ አላመጣም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቆሜ ነው የሰማሁት።

ኔቪ ማለት፣ አለ ሰውየው፣ ሽጉጡ የባሕር ኃይል ነው ማለት አይደለም። አብዛኞቹን የያዟቸው በየብስ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው፤ ፈረሰኛው፣ ሸሪፉ፣ ቁማርተኛው። መርከቦቹ የቴክሳስ ናቸው፤ ቴክሳስ ራሷን የቻለች ሪፐብሊክ ሳለች ግንቦት 16 ቀን 1843 ካምፔቼ አካባቢ ከሜክሲኮ መርከቦች ጋር የተዋጋችበት ነው። የቴክሳስ ባሕር ኃይል ከኮልት የመጀመሪያ ደንበኞች አንዱ ስለነበረ ኮልት ውጊያውን ኦርምስቢ በሚባል ቀራጭ አስቀርጾ በሽጉጦቹ ላይ አዞረው፤ ለደንበኛው ምስጋና፣ ለራሱ ማስታወቂያ። አባባ ወደ እኔ ዞረው ምንም አላሉም። «የአሜሪካ ባሕር ኃይል» የሚለው ቃሌ በመካከላችን ተንጠልጥሎ ቆየ።

ቀስ በቀስ ስሙ ከሥዕሉ ወደ ልኩ ተሻገረ። ኔቪ ከተባለ 36 ነው፣ 0.36 ኢንች፣ ወደ 9 ሚሊ ሜትር። አርሚ ከተባለ 44 ነው፣ ወደ 11 ሚሊ ሜትር። ኮልት ራሱ «1851 ኔቪ» ብሎ አልጠራውም፤ «የባሕር ኃይል ካሊበር ያለው የወገብ ሽጉጥ» ነበር የሚለው። ዓመተ ምሕረቱን እየቀጠሉ ስም ያወጡላቸው ኋላ የመጡ ሰብሳቢዎች ናቸው። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን እኛ፤ የእነዚህን ያወጣው ግን ነጋዴና ሰብሳቢ ነው።

ሰውየው ሲሞቀው ጠረጴዛውን በሙሉ አስጎበኘን። ያቺ «1858 ሬሚንግተን» የምትባለው 1858ን ያገኘችው አፈሙዟ ላይ ከተመታው የፈጠራ መብት ቀን ነው፣ መስከረም 14 ቀን 1858። ሽጉጦቹ ራሳቸው የተሠሩት ግን በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜና ከዚያ በኋላ ነው። ማለትም ስሟ ከእሷ በፊት ተወልዷል። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ኅዳር ላይ ያስወለዳቸው ፓስፖርት ትዝ ብሏቸው እንደሆነ እንጃ። «ዎከር» የምትባለው ደግሞ በቴክሳሱ ካፒቴን በሳሙኤል ዎከር ስም ናት፤ እሱና ኮልት ተማክረው የነደፏት፣ በ1847 የተሠራች፣ ሁለት ኪሎ የምትመዝን፣ ወገብ ላይ ሳይሆን ኮርቻ ላይ የምትንጠለጠል። ዎከር በዚያው ዓመት ሜክሲኮ ውስጥ በውጊያ ሞተ፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ሁለት ኪሎ ይመዝናል። የእኔ የዘንዶ ግልገልም ዘንዶ አይደለችም። ድራጉን ማለት ፈረሰኛ ወታደር ነው፤ «ቤቢ ድራጉን» ግን ባለ 31 የኪስ ሽጉጥ ናት፤ ድራጉን ከሚባለው ትልቁ ሽጉጥ ጋር በመልክ ስለምትመሳሰል እንጂ ፈረሰኛ ይታጠቃታል ተብሎ አይደለም።

«ቁጥሩስ?» አሉ አባባ። መድፈኛ ናቸው፤ የስሙ ወሬ እንደ ቁጥሩ አልያዛቸውም።

ቁጥሩም ያው ነው አለ ሰውየው፣ እንዲያውም የባሰ። 36 የተባለችው የምትጎርሰው አረር 0.375 ነው፤ 44 የተባለችው 0.454። ለምን ቢሉ፣ ያኔ የሚለካው ቱቦው ውስጥ ጠመዝማዛው ቦይ ከመቆፈሩ በፊት ያለው ስፋት ነበር፤ አረሩ ደግሞ ሆን ተብሎ ከሽክርክሪቱ ቀዳዳ ተለቅ ይደረጋል፣ በማንሻው ተጭኖ ሲገባ ዙሪያው የእርሳስ ቀለበት ተልጦ ይወድቃል፣ እንደ ቡሽ ጥብቅ ብሎ ይቀራል። ኋላ ቀለህ ሲመጣ እነዚያኑ 36ቶች ለቀለህ አመቻቿቸው፤ የቀለሁ ውጭና አረሩ እኩል ስለሆኑ «38» ተባሉ። ከዚያ አረሩ ወደ ቀለሁ ውስጥ እንዲገባ ሲደረግ ቀጠነ፣ 0.357 ሆነ፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ 38 ነው።

በዚህ ጊዜ አባባ ጉልበታቸውን መቱ። «እኛ መርከብ ላይ 5 ኢንች፣ 38 ካሊበር የሚባል መድፍ ነበረን!» አሉት። «እዚያ 38 ማለት ርዝመት ነው። የአፉ ስፋት ሠላሳ ስምንት ጊዜ፤ መቶ ዘጠና ኢንች!» ሰውየው ጢሙን ይዞ ሳቀ። አባባም ሳቁ። አንድ 38 ጣት የማያስገባ፣ አንድ 38 ከእኔ ቁመት ሁለት ተኩል እጥፍ የሚረዝም፤ ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ቁጥር ላይ ተቃቅፈው ሊወድቁ ደረሱ። እኔ ሳጥኔን ታቅፌ ቆሜያለሁ።

አባባ በተራቸው አገራቸውን አስተማሩት። ፈረንሳይ ግራ የሚባል ጠመንጃ ላከችልን፣ «ፉዚ ግራ» ስትለን «ውጅግራ» አልነው። የእንግሊዙ ስናይደር «ሰናድር» ሆነ፣ የኦስትሪያው ማንሊከር «ምንሽር»። የጠራነው ሰው በጆሮው እንደሰማው ነው፤ ካሊበሩን የጠየቀ የለም። ሰውየው «ውጅግራ» ለማለት አራት ጊዜ ሞከረ። በአራተኛው የሚያስነጥስ መስሎኝ ናፕኪን ልሰጠው ነበር።

በመጨረሻ ወደ እኔዋ ጉድ ተመጣ። ሰውየው አነሣትና እንደ ሐኪም ምርመራውን ተናገረ። ኔቪ በ44? ኮልት እንዲህ ያለ ነገር ሸጦ አያውቅም። የኔቪን አካል ወስዶ ሽክርክሪቱን ከፊት በኩል አስፍቶ 44 ሲያስገባበት ምን ብሎ ጠራው? «1860 አርሚ»! ማለትም ኔቪ 44 ከሆነ ኔቪ መሆኑ ቀርቷል። ናሱም የኮልት አይደለም፤ የኮልት ኔቪ አካሉ ብረት ነው። ናስ ያደረጉት ብረት ያጠራቸው የደቡቦቹ ሰዎች ናቸው፣ ጆርጂያ ውስጥ ግሪዝዎልድ የሚባለው ፋብሪካ፤ እነሱም በ36 ነው የሠሩት። ይቺኛዋ የቅርብ ጊዜ ቅጂ ናት፤ ሰሜን ጣልያን ብሬሺያ አካባቢ ለትርኢትና ለዒላማ ተኩስ የሚያመርቷት፣ ደንበኛ ትልቅ ቁጥር ስለሚወድ 44 ያደረጓት። «ሪፕሮዳክሽን ናት ብዬህ ነበር» አለኝ፤ አሁን ቀስ ብሎ፣ ፊደል በፊደል። እንግዲህ ስሟ ባሕር ኃይል፣ ካሊበሯ ምድር ጦር፣ አካሏ ጆርጂያ፣ ትውልዷ ብሬሺያ፣ የገዛት አዲስ አበባ።

«ትመልስልኛለህ?» አልኩ። ሰውየው ደረሰኙ ላይ ያለውን ማኅተም በጣቱ አሳየኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ መልቀሙም አልተፈቀደልኝም።

«አይመለስም» አሉ አባባ ድንገት። «ተወው፣ እወስደዋለሁ።»

መኪና ውስጥ ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ። የፖሊስ መኪና አጠገባችን ሲያልፍ እኔ ተጨማደድኩ፣ እሳቸው አላዩትም። ከዚያ እንዲህ አሉኝ። መርከባቸው «ኢትዮጵያ» አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሠሯት ናት፤ «ኦርካ» ነበር ስሟ፣ የባሕር ላይ አውሮፕላን መንከባከቢያ ነበረች። በ1962 ለእኛ ስትሰጥ ስሟ ተቀየረ። «ቀለም የቀባነው እኛ ነን፤ ከታች ማሽን ክፍል ስትወርድ ግን አንዳንዱ ቧንቧ ላይ የድሮው ጽሑፍ ነበር። ማንም ግድ አልሰጠውም። ማዕበል ሲመጣ በየትኛው ስሟ እንደምትሰማ ማን ያውቃል? በ1991 ደግሞ ያንኑ ስም እንደያዘች የመን ሄዳ ቀረች፤ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።» ትንሽ ቆይተው ሳጥኗን በጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «ይቺም ብረት ናት። ጣልያን መሆኗን ግን ለአባቴ አልነግርም።» አባታቸው ካረፉ ሃምሳ ዓመት ሆኗል።

ቤት ስንገባ ባለቤቴ ቡና እየቆላች ነው። ከአቦሉ ጋር የተማርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩላት፤ የቴክሳስን መርከቦች፣ ያለጊዜው የተወለደውን ሬሚንግተን፣ የማይዋደዱትን 38ቶች። በመጨረሻ «ለካ ገና ከመጀመሪያው ተሸውጄ ነበር» አልኳት። «ሰውየው እንዳለው በኮልት ዘመን ኔቪ 44 የሚባል ነገር በዓለም ላይ አልነበረም።»

ጀበናዋን አስቀመጠች።

«አለ እንጂ» አለች። «ቅዳሜ ጠዋት ጽፌ ሰጥቼህ ነበር። ሹራብ ነው።»

አባባ ሲኒያቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፉ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሰኞ ሄጄ ገዛሁት። በቁልፍ የሚዘጋ፣ ኪስ ያለው፣ ኔቪ፣ 44፤ ልካቸው ነው። አባባ ለብሰውት መስታወት ፊት ቆሙና ሽጉጧን አምጣ አሉኝ። ደረታቸው 44 ኢንች፣ አፈሙዟ 0.44። «መቶ እጥፍ» አሉ ደስ ብሏቸው፤ «እኔ እበልጣለሁ።» ሽጉጧ ቤት እንዳትቀመጥ በባለቤቴ ስለተወሰነ ጋራዥ ውስጥ አይጥ በያዘው ሬዲዮ ላይ ሳጥኗ ተቆልፎባት ትገኛለች።

እኔም አሁንም እላካለሁ፤ የወረቀቱ አጻጻፍ ብቻ ነው የተቀየረው። ያለፈው ቅዳሜ የተሰጠኝ እነሆ ኪሴ ውስጥ አለ፦ «ሽንኩርት። ቀይ። 5 ኪሎ። የሚበላ።» የመጨረሻዋ ቃል ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል።